የማሽኑ ዋጋና የፍሬው ዋጋ

በሜድስቶን በሚገኘው ማእድ ቤታችን፣ ከዕቃ ማጠቢያው ጎን፣ በ900 ዶላር የተገዛ የኤስፕሬሶ ማሽን ተቀምጧል። ቤታችን ከገባ ሦስት ዓመት አልፎታል፤ የሠራባቸው ወራት ግን ከአሥር አይበልጡም። ሲገዛ የቀረበለት ምክንያት ቁጠባ ነበር። ባለቤቴና እኔ በየቀኑ ውጭ የምንጠጣውን አንድ አንድ ስኒ ቤት ውስጥ ብናደርገው ማሽኑ በጥቂት ወራት ዋጋውን ይመልሳል አልን። ሂሳቡ ስሕተት አልነበረበትም፤ የተሳሳትነው ጥያቄው ላይ ነበር።

በሰፈራችን አንድ ስኒ ፍላት ዋይት 5 ዶላር ከ50 ሳንቲም ገደማ ነው። ሁለት ሰዎች በቀን አንድ አንድ ቢጠጡ በዓመት 4,000 ዶላር ይሆናል። ከዚህ አኃዝ ጋር ሲነጻጸር ማንኛውም የቤት ውስጥ አማራጭ ርካሽ ይመስላል፤ የማሽን ማስታወቂያም የሚጀምረው ከዚሁ ንጽጽር ነው። የካፌው ዋጋ ግን የቡና ዋጋ አይደለም። በውስጡ የሱቅ ኪራይ፣ የሠራተኛ ደመወዝ፣ ወተት፣ ኤሌክትሪክ፣ ለግማሽ ሰዓት የምንይዘው ወንበርም አለ። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት «ከካፌው ምን ያህል ይረክሳል?» ሳይሆን «ቤት ውስጥ ለቡና ከማወጣው ዶላር ስንቱ ስኒው ውስጥ ይገባል?» የሚለው ነው። ይህን ማንኛውም የሜልቦርን ነዋሪ ሊጠይቀው ይችላል። ለእኛ ግን ሌላ ጥያቄ ይከተለዋል፤ ስኒው ውስጥ ከገባውስ ስንቱ ቡናው ወደ በቀለበት አገር ይመለሳል?

ወደ ማሽን ያዘነበልነው ያለ ምክንያት አልነበረም። ሜልቦርን ቡና መጠጣትን የተማረችው ከጣሊያን ስደተኞች ነው። በቡርክ ጎዳና የሚገኘው ፔሌግሪኒስ እ.ኤ.አ. በ1954 ሲከፈት የኤስፕሬሶ ማሽን ለከተማዋ ገና እንግዳ ነበር። ዛሬ የከተማዋ መታወቂያ ሆኗል። ስታርባክስ እ.ኤ.አ. በ2008 በአውስትራሊያ ከነበሩት 84 መደብሮች 61ዱን ሲዘጋ ከተማዋ ራሷን እንደ አሸናፊ ቆጠረች። ስደተኛ በሻንጣው ይዞት የመጣው መጠጥ በሁለት ትውልድ የአንድ ከተማ ኩራት ሊሆን መቻሉ ለእኛ ደስ የሚያሰኝ ታሪክ ነው። ነገር ግን ጥሩ ቡና ማለት በግፊት የሚወጣና ወተት የሚፈስበት ነው የሚል ግምትም አብሮ ሰፈነ። በፉትስክሬይ፣ ኒኮልሰን ጎዳና ላይ ጀበና እየተቀዳ፣ ከዚያ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቀን የምንኖር ሰዎች ቤታችን ውስጥ የካፌ ምስል ልናቆም እንደክማለን። ይህን የምለው ለመሳለቅ አይደለም። አዲስ አበባ ራሷ የማኪያቶ ከተማ ናት፤ እኔም ከዚያው ነው የመጣሁት።

ኤስፕሬሶ ከቡና አዘገጃጀቶች ሁሉ ይቅርታ የማያውቀው ነው። ውሃው በ9 ባር ገደማ ግፊት፣ በግማሽ ደቂቃ ውስጥ፣ በጣም በላመ ቡና መሐል ያልፋል። አፈጫጩ ጥቂት ቢሻክር ስኒው ይኮመጥጣል፤ ጥቂት ቢልም ይመርራል። ስለዚህ ማሽኑ ብቻውን ምንም አይደለም። ከእሱ ያልተናነሰ ዋጋ ያለው መፍጫ ይፈልጋል፤ ከዚያም በየጠዋቱ የሚያስተካክለው ሰው ይፈልጋል። እኛ የገዛነው ማሽኑን ብቻ ነበር፤ የሱፐርማርኬት የተፈጨ ቡና ጨመርንበትና በ900 ዶላር መሣሪያ የ5 ዶላር ቡና ጠጣን።

ጥሩ ቡና የሚያስፈልገው ከዚህ እጅግ ያነሰ ነው። የኤም.አይ.ቲ. ኬሚስት የነበረው ኧርነስት ሎክሃርት እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ባደረገው ጥናት ብዙ ጠጪዎች የወደዱት ስኒ ከተፈጨው ቡና ክብደት ከመቶ 18 እስከ 22 ያህሉ ወደ ውሃው የሟሟበት ሆኖ አገኘው። ከዚያ ቢያንስ ቀጭንና ኮምጣጣ፣ ቢበዛ ጎምዛዛና መራራ ይሆናል። ወደዚህ ልክ የሚያደርሱት ነገሮች ጥቂት ናቸው፤ በቅርብ የተቆላ ጥሩ ፍሬ፣ እኩል የሆነ አፈጫጭ፣ ለአንድ ሊትር ውሃ 60 ግራም ገደማ ቡና፣ ከመፍላት ጥቂት ዝቅ ያለ ውሃ፣ የጥቂት ደቂቃ ትዕግሥት። ግፊት የሚል ቃል በዝርዝሩ ውስጥ የለም። ውሃውን በተመለከተ ሜልቦርን ዕድለኛ ናት፤ ከተጠበቁ የተራራ ደኖች የሚመጣው የቧንቧ ውሃዋ ማዕድን ያልበዛበት ለስላሳ ውሃ ስለሆነ ማጣሪያ መግዛት አያስፈልግም።

እንግዲህ ዛሬ አንድ ወዳጅ ቢጠይቀኝ የምመልሰው ይህን ነው። መጀመሪያ መፍጫ ይግዙ። ምላጭ የሚሽከረከርበትን ርካሽ ዓይነት አይደለም፤ እሱ ግማሹን ዱቄት ግማሹን ክክ አድርጎ ይተዋል፤ ከዱቄቱ መራራ ከክኩ ኮምጣጣ ጣዕም በአንድ ስኒ ይገናኛሉ። ፍሬውን በሁለት ጥርሳም ብረቶች መሐል የሚያደቅቀውን የእጅ መፍጫ ከ100 እስከ 150 ዶላር ባለ ዋጋ ማግኘት ይቻላል፤ በሥርዓት ከተያዘ ለብዙ ዓመታት ያገለግላል። ለማፍላት ደግሞ 30 ዶላር የማይሞላ ፕለንጀር ይበቃል። ለብቻው ለሚጠጣ ሰው አሜሪካዊው አለን አድለር እ.ኤ.አ. በ2005 ለገበያ ያቀረበው ኤሮፕሬስ የተሻለ ነው፤ ፕላስቲክ ስለሆነ አይሰበርም፣ ለማጠብም ይቀላል። ማኪያቶ ካልጠጣ የማይነቃ ደግሞ ጣሊያኖች ከ1930ዎቹ ጀምሮ የያዙትን ሞካ ይግዛ። በአዲስ ቤት የሚኖር ከሆነ ከአሉሚኒየም የተሠራውን ትቶ የብረቱን ይምረጥ፤ ምክንያቱን ከታች እመለስበታለሁ። ይህ ሁሉ ተደምሮ ከ200 ዶላር አይበልጥም። የተረፈው 700 ዶላር ወደ ፍሬው ይሂድ።

«ወደ ፍሬው ይሂድ» ስል ምን ማለቴ እንደሆነ በቁጥር ላሳይ። ሁለት ሰዎች በቀን አንድ አንድ ስኒ ሲጠጡ፣ ለስኒ 15 ግራም ሒሳብ፣ በዓመት 11 ኪሎ ገደማ የተቆላ ቡና ያስፈልጋቸዋል። ከሰፈር ቆይ በኪሎ 55 ዶላር የተገዛ ጥሩ ቡና በዓመት 600 ዶላር ያህል ያስወጣል። አሁን ካፕሱሉን እንመልከት። የታወቀው ዓይነት አንዷ ፍሬ 85 ሳንቲም ገደማ ናት፤ በውስጧ ያለው ቡና 5 ግራም ያህል ነው። በቀን ሁለት ካፕሱል በዓመት 620 ዶላር ይሆናል። ማለትም ካፕሱል ጠጪው ምርጥ ቡና ከሚገዛው እኩል ይከፍላል፤ የሚያገኘው ግን ሲሶውን ነው። በኪሎ ሲሰላ 170 ዶላር ነው። በዚህ ዋጋ ቡና ግዙ ብባል ከሱቁ በሳቅ እወጣ ነበር፤ በአምስት ግራም ተከፋፍሎ ሲቀርብልኝ ግን «ርካሽና ምቹ» ብዬ ለሁለት ዓመት ገዝቼዋለሁ።

ሦስተኛው መንገድ የእናቶቻችን ነው፤ ጥሬ ቡና ገዝቶ ቤት ውስጥ መቁላት። ባለፈው የገዛሁት ጥሬ ቡና በኪሎ 22 ዶላር ነበር። ሲቆላ ከክብደቱ ከመቶ 17 ያህሉን ያጣል፤ ስለዚህ ለ11 ኪሎ የተቆላ 13 ኪሎ ከ200 ግራም ጥሬ ያስፈልጋል፤ ዋጋው 290 ዶላር። ጥሬ ቡና በደረቅና ጨለማ ቦታ ዓመት ያህል ይቆያል፤ የተቆላው ግን በሳምንታት ውስጥ ሽታውን ያጣል። በፉትስክሬይ የሐበሻ ሱቆች ጥሬ ቡና ሞልቷል። ከረጢቱ ላይ ብዙውን ጊዜ የምርት ዘመኑ አይጻፍም፤ ጠይቁ፤ መልስ ከሌለ ጥቂት ብቻ ገዝታችሁ ቅመሱ። ከአዲስ አበባ በዘመድ ሻንጣ የሚመጣውም ቢሆን በመግቢያ ካርዱ ላይ መመዝገብ እንዳለበት አይዘንጋ፤ የአውስትራሊያ የኳራንታይን ሹም «የእናቴ ስጦታ ነው» የሚል ክርክር አይሰማም።

ለመቁላት ብረት ምጣድ ይበቃል። ሌላው አማራጭ የሚያስቅ ነው፤ በሞቃት አየር የሚሠራው የ40 ዶላር የፈንዲሻ ማሽን ቡናን እኩል አድርጎ ይቆላል፤ ከቡናው ጎን የምናቀርበው ፈንዲሻ ዕቃውን ለቡናው አውሶ ይቀራል ማለት ነው። ፍሬው ሲንጣጣ ሰምቶ ጥቂት ቆይቶ ማውጣት፣ ወዲያው ማራገብ፣ ገለባውን ማንፈስ ነው። ጭሱ ግን የጨዋታው አካል ነው። በኬንሲንግተንም ሆነ በፍሌሚንግተን ሕንፃዎች የሚኖር ሰው የጭስ ማስጠንቀቂያው ጎረቤቱን ሁሉ ሊቀሰቅስበት ይችላል፤ እኛ ከጓሮ፣ በኤክስቴንሽን ገመድ እንቆላለን።

ከዚህ በኋላ የጀበናው ነገር ይመጣል፤ እዚህ ላይ የቤት ፖሊሲና የቡና ባህል ሳይተዋወቁ ተጋጭተዋል። በሜድስቶን የድሮዎቹ ሰፋፊ ግቢዎች እየፈረሱ በአንዱ ፈንታ ሁለት ሦስት ታውንሀውስ ይበቅላል። የቪክቶሪያ መንግሥት ደግሞ እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 2024 ጀምሮ የዕቅድ ፈቃድ የሚያስፈልጋቸው አዳዲስ መኖሪያ ቤቶች ከጋዝ መስመር ጋር እንዳይገናኙ ወስኗል። ውሳኔውን እደግፋለሁ፤ ለአየር ንብረቱም ለሕፃናት ሳንባም ይበጃል። ውጤቱ ግን በየአዲሱ ማእድ ቤት ኢንዳክሽን ምድጃ መግባቱ ነው፤ ኢንዳክሽን የሚያሞቀው ማግኔት የሚስበውን ብረት ብቻ ስለሆነ ሸክላን አያውቀውም። ጀበና ብትጥዱበት ምድጃው ዕቃ የለም ብሎ ይጠፋል። የአሉሚኒየም ሞካም ዕጣው ይኸው ነው።

ጋዝ በሌለበት አንዳንዶች ወደ ከሰል ይመለሳሉ። ይህን በግልጽ ልቃወም፤ በተዘጋ ቤት ውስጥ የሚነድ ከሰል ሽታ የሌለው ጋዝ ያወጣል፣ ሰውም ይገድላል፤ በሜልቦርን ክረምት መስኮት ከፍቶ የሚቀመጥ ቤተሰብ አላውቅም። መፍትሔው ቀላል ነው፤ በመደበኛ ሶኬት የሚሠራ፣ 40 ዶላር የሚያወጣ፣ ብረቱ ራሱ የሚግል ተንቀሳቃሽ ምድጃ። ሸክላ ቀስ ብሎ መሞቅ ይወዳል። አዲሲቱን ጀበና ሳላሟሽ በከፍተኛው ሙቀት ጥጄ ሁለት ቦታ ሰንጥቄአታለሁ፤ በዚህ ጥፋት ከእኔ በቀር ተጠያቂ የለም። የማኅበረሰብ ማእከል አዲስ በሚሠራበት ጊዜ ግን በዲዛይኑ ላይ አስተያየት የምትሰጡ መሐንዲሶችና የማዘጋጃ ቤት ባለሙያዎች በመካከላችሁ አላችሁ። በማእድ ቤቱ ውስጥ አንድ የሚግል ምድጃና ደህና ጭስ መሳቢያ ማስገባት ለበጀቱ ምንም አይደለም፤ ካልተጠየቀ ግን ማንም አያስገባውም።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ልመለስ። የአረቢካ ቡና የዓለም ዋጋ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2025 በፓውንድ ከ4 የአሜሪካ ዶላር በላይ ወጥቶ ነበር። በጊዜው ምንዛሪ በኪሎ 14 የአውስትራሊያ ዶላር ገደማ ነው። በዚያ ከፍተኛ ዋጋ እንኳ ቢሰላ፣ ካፕሱል ጠጪው በዓመት ካወጣው 620 ዶላር የጥሬው ቡና ድርሻ 60 ዶላር አካባቢ ነው፤ ከአሥሩ አንዱ። የቀረው ለአሉሚኒየሙ፣ ለፋብሪካው፣ ለስሙና ለማስታወቂያው ነው። ቤቱ ከሚቆላው ሰው 290 ዶላር ውስጥ በዚሁ ሒሳብ የጥሬው ቡና ድርሻ 185 ዶላር ይሆናል፤ ከአሥሩ ስድስቱ። በግማሽ ወጪ ሦስት እጥፍ ገንዘብ ወደ ቡናው አገር ይሄዳል ማለት ነው።

እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ይህ የወደብ ዋጋ ነው እንጂ የገበሬው ኪስ አይደለም። በመካከል ሰብሳቢ፣ አቅራቢና ላኪ አለ። የኢትዮጵያ ታሪክም ከዚህ የሚወሳሰብ ነው። የውጭ ምንዛሪ በተራበባቸው ዓመታት ብዙ ላኪዎች ቡናን በብር ውድ ገዝተው በዶላር ርካሽ ይሸጡ ነበር፤ ኪሳራውን ባገኙት ዶላር ካስገቡት ሸቀጥ ላይ ያካክሱታል። ይህ ማለት በሜልቦርን የምንጠጣውን ስኒ ሲደጉም የነበረው አዲስ አበባ ውስጥ ቆርቆሮና ጎማ የሚገዛው ሰው ነበር። ብሔራዊ ባንክ እ.ኤ.አ. በጁላይ 2024 የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ሲለቅ የዚህ ንግድ ዋና ምክንያት ተነካ። ተሐድሶው በሌላ ሚዛን ሲለካ የሚያከራክር ቢሆንም በቡና ረገድ ትክክለኛ እርምጃ እንደነበረ አምናለሁ።

ስምም ዋጋ አለው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2005 ይርጋጨፌ፣ ሲዳሞና ሐረር የሚሉትን ስሞች በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ባመለከተች ጊዜ ከስታርባክስ ጋር የገጠመችውን ክርክር ብዙዎቻችን ፊርማ እያሰባሰብን ተከታትለነዋል፤ በ2007 በስምምነት ተቋጨ። በዓመቱ የተቋቋመው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ደግሞ ለገበሬው የዋጋ መረጃ አደረሰ፤ ነገር ግን ቡናው በደረጃና በአካባቢ ተቀላቅሎ ስለሚሸጥ የየትኛው ማጠቢያ ጣቢያ ፍሬ እንደሆነ መከታተል አስቸገረ። አዋጅ ቁጥር 1051/2009 ያንን ገመድ አላላው፤ ዛሬ የጣቢያውን ስም የያዘ ከረጢት መግዛት ይቻላል። ስሙን እየጠየቀ የሚገዛ ሰው ለዚያ ስም ገበያ ይፈጥራል። ካፕሱል ውስጥ ሲገባ ግን አብዛኛውን ጊዜ ስሙ ይጠፋል።

አንድ ምጸት ልጨምር። ለውጭ ገበያ ደረጃ የበቃ ቡና በአገር ውስጥ እንዳይሸጥ ለረጅም ዘመን ተከልክሎ ኖሯል። ከምርቱ ግማሽ ያህሉ አገር ቤት ቢጠጣም የተጠጣው ከኤክስፖርት የወደቀው ነው። እናቴ ቡና ስትለቅም ከሰፌዱ ላይ ጥቁሩንና የተበሳውን ለይታ የምታወጣበት ፍጥነት ይገርመኝ ነበር፤ ያ ችሎታ ከምን እንደመጣ የገባኝ እዚህ፣ ምንም የሚለቀም የሌለበትን ከረጢት ስከፍት ነው።

እስካሁን ያቀረብኩት ሒሳብ አንድ ትልቅ ጉድለት አለው፤ ጊዜ አልተቆጠረበትም። ባለቤቴ ረቂቁን አንብባ ያለችው ይህንኑ ነው። መቁላት፣ መፍጨት፣ ማፍላት፣ ከአቦል እስከ በረካ መቅዳት ከአንድ ሰዓት በላይ ይወስዳል፤ ይህ ሰዓት ባገራችን ልማድ የሴት ሰዓት ነው። በሆስፒታል የሌሊት ፈረቃ ሠርታ የገባች ነርስ ካፕሱል ብትጫን ባህሏን አልካደችም። «ርካሽ» ያልነው የእናቶቻችን ቡና ርካሽ የነበረው ድካማቸውን ማንም ስላልከፈለበት ነው። ስለዚህ የቤት ቆይን የሚመክር ወንድ በመጀመሪያ መቁላቱን ራሱ ይልመድ። እኔ እሑድ እሑድ ለሳምንቱ 250 ግራም እቆላለሁ፤ ማጽዳቱን ጨምሮ 25 ደቂቃ ነው። በሥራ ቀን በፕለንጀር እንጠጣለን፤ አምስት ደቂቃ አይሞላም። ጀበናዋ የቅዳሜ ናት።

ለመግዛቱም ቢሆን ብቻ መሆን አያስፈልግም። የኢትዮጵያ ቡና የሚላክበት ጆንያ 60 ኪሎ ነው፤ እንደኛ ላሉ አራት ቤቶች ዓመት ያደርስና ለበዓል ይተርፋል። ዕቁብ የሚያውቅ ሕዝብ ይህን ለማደራጀት ጥናት አያስፈልገውም። ዘንድሮ ከሜድስቶንና ከብሬይብሩክ አራት ቤተሰቦች ገንዘብ አዋጥተን አንድ ጆንያ የታጠበ ቡና ከነጣቢያው ስሙ ከአንድ አስመጪ ገዛን፤ በኪሎ ከቀድሞው 3 ዶላር ቀነሰልን። ጆንያው አሁን በእኛ ጋራዥ ነው። ክፍፍሉ የሚደረገው በሚቀጥለው ቅዳሜ ሲሆን፣ የዕለቱን ቡና የሚያፈሉት የቤቶቹ አባወራዎች እንዲሆኑ ሴቶቹ ወስነዋል። ከአራታችን ጀበና ጥደው የሚያውቁት ሁለት ብቻ ነን፤ አንዱም ጀበና የሰነጠቀው ነው።